የእንስሳት ጤና ተማሪ መማሩ በምን ይታወቃል?

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ገበያ ዋጋ፣ ስለ ባንክ ብድርና ስለ ጉምሩክ ሥርዓት ማንበብ የለመደ ነጋዴ፣ ስለ ተማሪዎች ፈተና የሚናገር ጽሑፍ ባየ ጊዜ «ይህስ የመምህራን ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ገጹን ሊገለብጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን። በአርሲ ደጋ ከእህል ቀጥሎ የሚነገደው በግና ከብት፣ ሌጦና ቆዳ፣ ቅቤና ወተት ነው። ይህ ሁሉ ሀብት ወደ ነጋዴው እጅ ከመግባቱ በፊት የአንድ ወጣት እጅ ይነካዋል፤ እርሱም የእንስሳት ጤና ቴክኒሽያን የሚባለው ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ቁጥር ጥቂት ስለሆነ፣ መርፌና መድኃኒት ይዞ በየቀበሌው የሚዞረው፣ በመድኃኒት መሸጫም ቆሞ ገበሬውን የሚያስተናግደው ብዙውን ጊዜ ይኸው ቴክኒሽያን ነው። የእጁ ሙያ በትምህርት ቤት ሳለ በሚገባ ካልተመረመረ፣ በመጨረሻ የሚፈትኑት የእኛ በጎች ናቸው፤ የፈተናውም ወጪ ከእኛ ኪስ ይወጣል።

እኔ በአሰላ ከተማ በአንድ የበግና የሌጦ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት ሳገለግል ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አሠሪዬ በዐቢይ ጾም መግቢያ ከበቆጂና ከሳጉሬ ገበያ 60 በጎች ገዝተው፣ ለፋሲካ ለማድለብ በግቢያቸው አኖሩ። የበግ ፈንጣጣ እንዳይነካቸውም አንድ ወጣት ቴክኒሽያን አስጠርተው አስከተቡ። ሒሳቡ ተከፈለ፤ እኔም በመዝገብ ጻፍሁ። በአምስተኛው ሳምንት ግን በጎቹ ያተኩሳቸው፣ ዓይናቸው ያፈስስ፣ ጠጕር በሌለበት በብብታቸውና በጭራቸው ሥር እባጭ ያወጡ ጀመር። 17ቱ ሞቱ። የተረፉትም ከስተው በዓሉ አለፈባቸው፤ ሌጧቸውም ጠባሳ ስለያዘ ከዋጋው ወደቀ።

ወጣቱ ተጠርቶ መጣ። አሠሪዬ ገና መናገር ሳይጀምሩ ምስክር ወረቀቱን ከቦርሳው አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ በክትባት ትምህርት የክፍሉ አንደኛ ነበርሁ» አላቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ አንደኛ መውጣትህን በጎቹ አልሰሙም» ብለው ዝም አሉ። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝና፣ ክትባቱ በምን ያህል ቅዝቃዜ መቀመጥ እንደሚገባው ጠየቅሁት። ሳያመነታ «ከ2 እስከ 8 ዲግሪ» አለኝ። የደረቀው ክትባት በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ ብዙ ሊቆይ እንደማይገባውም ነገረኝ። የነገረኝ ሁሉ ልክ ነው። ያን ዕለት ግን ጠርሙሶቹን በላስቲክ ከረጢት ይዞ በጠራራ ፀሐይ በባጃጅ መጥቶ፣ ሁሉንም ጧት በአንድ ጊዜ በጥብጦ፣ እስከ ከሰዓት በኋላ ሲወጋበት ውሎ ነበር። የበረዶ ዕቃ ይዞ ሲሠራ ከቶ ማንም መምህር ቆሞ አይቶት አያውቅም። በወረቀት ተጠየቀ፤ በወረቀት መለሰ፤ በወረቀት አለፈ። ነገሩን በሐቅ ለመናገር የእኛም ቤት በረዶ አዘጋጅታ አልጠበቀችውም፤ ዋጋውን ብቻ ነበር የተከራከርነው።

እንግዲህ የዚህ ትምህርት መነሻ ይህ ነው። ጆርጅ ሚለር የተባሉ አሜሪካዊ የሕክምና ትምህርት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጽሑፍ የተማሪን ችሎታ በአራት እርከን ከፍለውታል። በታችኛው እርከን ያለው ነገሩን ያውቃል፤ ሁለተኛው እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል፤ ሦስተኛው በፈታኝ ፊት ሠርቶ ያሳያል፤ አራተኛው ማንም ሳያየው በዕለት ሥራው ላይ ይፈጽመዋል። የጽሑፍ ፈተና የሚደርሰው እስከ ሁለተኛው እርከን ብቻ ነው። ነጋዴ ይህን ለመረዳት ሊቸገር አይገባውም፤ ስለ ሚዛን ብዙ የሚያውቅ፣ ነገር ግን ሚዛን አስተካክሎ መመዘን የማይችል የሱቅ ሠራተኛ ስንቱን አይተናል! የእኛ ወጣት በሁለተኛው እርከን ቆሞ ሳለ የአራተኛውን ምስክር ወረቀት ሰጡት።

ሦስተኛውን እርከን ለመመርመር ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ዘዴ ከስኮትላንድ የመጣ ነው። ሮናልድ ሃርደን የተባሉት የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ መምህር ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ለሰው ሐኪሞች ያወጡት ሲሆን፣ በኋላም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች ወስደውታል። አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ጣቢያዎች ይዘጋጃሉ፤ በየጣቢያው አንድ ሥራና አንድ ፈታኝ አለ፤ ተማሪው በጥቂት ደቂቃ ሥራውን ፈጽሞ ደወል ሲደወል ወደሚቀጥለው ያልፋል። ፈታኙም አስቀድሞ የተጻፈ ዝርዝር በእጁ ይዞ፣ የተሠራውንና ያልተሠራውን ምልክት ያደርጋል። ስለዚህ ሁሉም ተማሪ በአንድ ሚዛን ይመዘናል፤ «ይህ ልጅ ጨዋ ነው፣ ያኛው ይታበያል» የሚለው አስተያየት ቦታ ያጣል።

ይህን ወደ አሰላ እናምጣው። በአንደኛው ጣቢያ የበረዶ ሣጥን፣ ቴርሞሜትርና የክትባት ጠርሙስ ቀርቦ፣ ተማሪው ሙቀቱን አንብቦ ክትባቱ የሚያገለግል መሆኑንና አለመሆኑን ይፈርዳል፤ በትክክለኛው መጠንም ይበጠብጣል። በሌላው ጣቢያ አንድ በግ ቆሞ ክብደቱን ይገምታል፤ ከዚያም በጉ በሚዛን ላይ ወጥቶ እውነቱ ይታያል። በዚህ ጣቢያ ፈታኝ እንዲሆኑ የአሰላ የበግ ነጋዴዎች ቢጠሩ የሚያፍሩ አይመስለኝም፤ ወገቡን በእጃቸው ጨብጠው ኪሎውን ሲናገሩ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። በሌላው ጣቢያ ደግሞ ከላም ደም ቀድቶ፣ ናሙናውን ሰይሞ፣ ወደ አሰላ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ የሚላክ አድርጎ ያሽጋል። ናሙናው ስም አልባ ከሆነ ወይም ደሙ ከተበላሸ የላቦራቶሪው ሰው ምንም ሊያደርግለት አይችልም፤ ስለዚህም ፈራጁ ናሙናው ራሱ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሊሠመርበት ይገባል። በብዙ ትምህርት ቤት ልማድ ነጥቡ ሁሉ ተደምሮ ይካፈላል፤ ግማሹን ያለፈ አለፈ ይባላል። በእጅ ሥራ ግን ይህ ድምር ያታልላል። ተማሪው በጉን በደንብ ቢይዝ፣ መርፌውን ቢያጸዳ፣ መዝገቡን በውብ ጽሕፈት ቢጽፍ፣ የወጋው ክትባት ግን በሙቀት የሞተ ቢሆን፣ ከ10 ነጥብ 9 ያገኛል፤ በጎቹ ግን ምንም አላገኙም። ስለሆነም ጥሩ የመመዘኛ ዝርዝር አንዳንዱን ተግባር «ይህ ከተሳተ ሌላው አይክሰውም» ብሎ ለይቶ ያስቀምጣል። ሚዛኑ የተሰበረበት ባለሱቅ በሱቁ ንጽሕና አይማርም።

ስለ ክብደት ግምት ካነሣን ዘንድ፣ የእንስሳት መድኃኒት አስመጪዎች ልብ ብለው እንዲያነቡ የምፈልገው ነገር አለ። በአርሲ ደጋ ረግረግ በበዛበት መስክ የሚሰማሩ በጎችና ከብቶች በጉበት ትል እጅግ ይጠቃሉ። መድኃኒቱ የሚሰጠው በእንስሳው ክብደት መጠን ነው። ቴክኒሽያኑ 30 ኪሎ የሚመዝነውን በግ 20 ነው ብሎ ከገመተ፣ በጉ የሚያገኘው ከሚገባው መጠን ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ ጠንካሮቹ ትሎች ይተርፋሉ፤ የሚራቡትም እነርሱ ይሆናሉ። እየቆየ መድኃኒቱ ኃይሉን ያጣል። እንዲሁም አልቤንዳዞል የሚገድለው የበሰለውን የጉበት ትል ሲሆን፣ ገና ያልበሰለውን የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል ነው፤ ይህን ለይቶ በወቅቱ የማያዝዝ ሰው ገበሬውን በከንቱ ያስከፍለዋል። ገበሬው ግን የሚወቅሰው ቴክኒሽያኑን አይደለም፤ «ይህ መድኃኒት ውሸት ነው» ብሎ በገበያ ያስወራል። አስመጪው በብዙ የውጭ ምንዛሪ ያስገባው ዕቃ ስሙ የሚጠፋው በመርከብ ላይ ሳይሆን፣ አንድ ተማሪ በግ መገመት ሳይማር ባለፈበት ቀን ነው።

በአገራችን የዚህ ትምህርት ታሪክ አጭር አይደለም። በደብረ ዘይት የእንስሳት ጤና ረዳቶች ማሠልጠኛ በ1950ዎቹ ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ከተማ ክትባት የሚሠራው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቋመ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲም እ.ኤ.አ. በ1979 ተከፈተ። ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በአሰላ የተመሠረተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ የአርሲን ላም ከፍሪዥያን ኮርማ ጋር በማዳቀል ወተቷን ለማብዛት ሠርቷል። በአሰላ ስለ ተደረገው የማዳቀል ሥራ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ጥናት የግማሽ ፍሪዥያን ላሞች ወተት ከአርሲዋ ላም እጥፍ በላይ እንደሆነ ያስረዳል። ጥናቱ ሊጻፍ የቻለው ለየላሚቱ መዝገብ ስለ ነበራት ነው። የትኛዋ መቼ እንደተጠቃች፣ መቼ እንደወለደች፣ ምን ያህል እንደታለበች ካልተጻፈ ምን ሊመዘን ይቻላል? ይህ ለጸሐፊ ደስ የሚያሰኝ ነገር ስለሆነ ትንሽ ብመካበት ይቅርታ ይደረግልኝ።

እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ደግሞ የእርሻ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በብዛት ተከፍተው፣ በአርሲ ደጋ አርዳይታ፣ በባሌ አጋርፋ፣ በስምጥ ሸለቆ አላጌ ወጣቶችን አሠልጥነዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂም ትምህርቱ በሙያ ደረጃ መስፈርት ላይ እንዲቆም፣ ሠልጣኙም ካስተማረው መምህር ሌላ በሆነ መዛኝ እንዲመዘንና «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» እንዲባል ደንግጓል። ሐሳቡ እጅግ መልካም ነው። አስተማሪው ራሱ ሲፈትን የገዛ ሥራውን ይመርቃልና። ነገር ግን መስፈርቱ በወረቀት ላይ ምንም ያህል ቢያምር፣ በምዘናው ቀን በግቢው ውስጥ በግ፣ በረዶና ሚዛን ከሌለ፣ መዛኙ የሚጠይቀው እንደ ገና በአፍ ብቻ ይሆናል።

እስካሁን የተናገርነው ተማሪውን ስለ መመዘን ነው። ከዚህ የሚለይ ሌላ ምዘና አለ፤ እርሱም በተማሪዎቹ ውጤት ትምህርት ቤቱን መመዘን ነው። እንበልና 40 ተማሪዎች ተፈትነው፣ በክትባት ጣቢያ 38 ቢያልፉ፣ በክብደት ጣቢያ ግን 30 ቢወድቁ፣ ሠላሳውን ሰነፎች ማለት ትክክል አይደለም። ትምህርት ቤቱ ሚዛን የለውም፣ ወይም በጎቹ ጥቂት ናቸው፣ ወይም መምህሩ ራሱ አልለመደውም። ጠቅላላው ድምር ይህን ይሸፍነዋል፤ በየሥራው ተለይቶ የተጻፈ ውጤት ግን ቀዳዳውን ያሳያል። በአሜሪካ የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ቴክኒሽያን ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1961 በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በዴልሂ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ የዚያ አገር የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ለአንድ ትምህርት ቤት ዕውቅና ከመስጠቱ በፊት፣ እያንዳንዱ ተማሪ የታዘዙትን የእጅ ሥራዎች በእርግጥ ሠርቶ ማሳየቱን በጽሑፍ ማስረጃ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። ምሩቃኑ በአገር አቀፉ ፈተና ያመጡትንም ውጤት ትምህርት ቤቱ ለሕዝብ ይገልጻል። ዋና መሥሪያ ቤቱ በፓሪስ የሆነው የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ቴክኒሽያኖች ሊኖራቸው ስለሚገባው ብቃት መመሪያ አውጥቷል።

አራተኛው እርከን፣ ማለትም ማንም ሳያይ የሚሠራው ሥራ፣ እንዴት ይመዘናል ለሚል ጠያቂ የአፋር ታሪክ ጥሩ መልስ ነው። የከብት ደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 በቆየው ክፉ ቀን የአገራችንን ከብት እንደፈጀ አባቶቻችን ሲተርኩልን አድገናል። ከመቶ ዓመት በኋላም በሽታው በአፋር ቆላ ተሸሽጎ ቀርቶ ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያለ ማቀዝቀዣ ለአንድ ወር ያህል የሚቆይ ክትባት ተገኝቶ፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው ከተቡበት። አያሌዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ ስለ ነበሩ የጽሑፍ ፈተና ሊሰጣቸው አይቻልም ነበር። ታዲያ መማራቸው በምን ታወቀ? ከከተቡት ከብት ደም ተወስዶ መከላከያ ማፍራቱ በላቦራቶሪ ተመረመረ። የደስታ በሽታ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ በ2008 አገራችን ከበሽታው ነጻ መሆኗ ተመሰከረላት፤ በ2011 ከዓለም ጠፋ ተባለ።

ወደ ንግድ ስንመለስ፣ እኛም ደም ባንመረምር በመዝገባችን ውስጥ ብዙ የተቀበረ ማስረጃ አለን። የሌጦ ነጋዴዎች እከክ የሚሉትን ጉዳት ማን አያውቅም? ቅማልና የበግ መዥገር መሳይ ነፍሳት በቆዳው ላይ የሚተዉት ነው። ክፋቱ ደግሞ ሌጦው ጥሬ ሳለ ጠጕሩ ይሸፍነዋል፤ ሞጆ ደርሶ በፋብሪካ ጠጕሩ ሲነሣ ይገለጣል፤ ከዚያ በኋላ ደረጃው ይወርዳል፤ ክርክሩም ወደ አሰላ ይመለሳል። በጎቹን ለመድኃኒት ርጭት የሚያወጣው ቴክኒሽያን የመጀመሪያው ርጭት የቅማሉን እንቁላል እንደማይገድል ተረድቶ፣ መመሪያው ባዘዘው ቀን ተመልሶ ካልደገመ፣ ሥራው ግማሽ ነው። ስለዚህ ከየትኛው ወረዳ የመጣ ሌጦ በእከክ ምን ያህል እንደወደቀ የሚያሳይ ዝርዝር በየንግድ ቤቱ አለ፤ በቄራም ትል ስለተገኘበት የተጣለ ጉበት ይመዘገባል። ይህ ዝርዝር ለኮሌጁ መምህር ቢደርሰው የትኛውን ትምህርት እንደሚያጠብቅ ያውቅ ነበር። እስካሁን ግን ለወቀሳ እንጂ ለትምህርት አልተጠቀምንበትም።

በርግጥ ጥንቃቄ ያሻል። አንድ የወደቀ ሌጦ በአንድ ቴክኒሽያን ላይ ምስክር አይሆንም። ድርቅ አለ፤ ገበሬው በጎቹን ለርጭት ሳያመጣ ይቀራል፤ ገፋፊውም በቢላ ይወጋዋል። የቢላው ጉዳትና የእከኩ ጉዳት ተለይቶ ካልተጻፈ፣ ንጹሑን ሰው እንከስሳለን። ማስረጃ የሚሆነው ከብዙ ቦታ፣ ለብዙ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ የተያዘ መዝገብ ብቻ ነው።

ላኪዎችም ቢሆኑ ነገሩ ሩቅ አይምሰላቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በታየ ጊዜ፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባውን ከብት አግደው ነበር፤ የዚያን ጊዜ ስንቱ ነጋዴ በጎቹን እንደ ያዘ ቀረ! ገዢው አገር የሚጠይቀው የጤና ምስክር ወረቀት ነው። ወረቀቱን የሚፈርመው ሐኪሙ ቢሆንም፣ ከሥሩ ያለውን የክትባት ቀን፣ የእንስሳውን ምልክትና የሕክምና መዝገብ በገጠር የጻፈው ቴክኒሽያኑ ነው። መድኃኒት የተወጋ እንስሳ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመታገሻ ቀን ሳያልፍ እንዳይታረድ የሚጠብቀውም የእርሱ ብዕር ነው። ስለዚህ መዝገብ አያያዝ ራሱን የቻለ የፈተና ጣቢያ ሊሆን ይገባዋል።

በዚህ ምክንያት የንግድ ምክር ቤታችን አባሎች ከአካባቢው ኮሌጆች ጋር ተነጋግረው፣ በምዘና ቀን በግና ሚዛን በውሰት ቢሰጡ፣ የሌጦ መጋዘናቸውን ለተማሪዎች ቢከፍቱ፣ የእከኩንም ዝርዝር በየሩብ ዓመቱ ቢያስተላልፉ የሚያወጡት ገንዘብ ከ17 በግ ዋጋ አይበልጥም። ቴክኒሽያን ሲቀጥሩም ምስክር ወረቀቱን ካዩ በኋላ «እስቲ ሠርተህ አሳየን» ማለት ነውር አይደለም፤ ሾፌር ስንቀጥር መንጃ ፈቃዱን አይተን ብቻ መኪናውን አንሰጥምና።

በእኛ ቤት ከዚያ ወዲህ አንድ የበረዶ ሣጥንና አንድ ቴርሞሜትር ተገዝተዋል። ምን በምን ተከትሎ መሠራት እንዳለበት የሚያሳይ ስምንት መስመር ያለው ወረቀት ጽፌ በበረቱ በር ላይ ለጥፌአለሁ። ባለፈው ጾም መግቢያ የመጣው ያው ወጣት ነበር፤ አሠሪዬ ሌላ ሰው አልጠሩም። ሣጥኑን ከፍቶ ቴርሞሜትሩን አነበበና «5 ዲግሪ ነው ጋሼ» አላቸው። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አዩት። ከዚያም አንዱን ጠርሙስ ብቻ በጥብጦ እስኪያልቅ ከተበበት፤ ቀጥሎም ሁለተኛውን ከፈተ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ሰዓቱንና የጠርሙሱን ቁጥር በመዝገብ እጽፍ ነበር።